የበረንዳ መከለያ ስትፈትሹ

አሜሪካ ውስጥ የቤት ኢንስፔክተር ለሆናችሁ ወገኖች። የዴክ (ከቤቱ ጋር የተያያዘ ከፍ ያለ የውጭ ወለል) ወይም የበረንዳ መከለያ ስታዩ ሜትራችሁን አውጡ። ብዙ ስቴቶች የሚከተሉት የመኖሪያ ቤት ኮድ (የግንባታ ደንብ)፣ ወለሉ ከመሬት ከ30 ኢንች በላይ ከፍ ካለ መከለያ ይጠይቃል። ቁመቱ ቢያንስ 36 ኢንች ይሁን። በቋሚዎቹ መሀል 4 ኢንች ኳስ ማለፍ የለበትም፤ ሕፃን በመሀል እንዳይሾልክ ነው። ከዚያ በእጃችሁ ገፋ አድርጉት፤ ሰውነታችሁን ግን አትጣሉበት። ከተነቃነቀ ጎንበስ ብላችሁ እግሩን እዩ። በቦልት ነው ወይስ በምስማር ብቻ የታሰረው? እንጨቱስ በስብሷል?

«ቤቱ አሮጌ ነው፣ ያኔ ኮዱ ይህን አይጠይቅም ነበር» ቢሏችሁም ሪፖርቱ ውስጥ አስገቡት። ኮድ ማስከበር የእናንተ ሥራ አይደለም፤ አደጋውን መናገር ግን ነው። ፎቶውን፣ የለካችሁትን ቁጥር፣ «ሰው ሊወድቅ ይችላል፣ ይጠገን» የሚል ግልጽ ቃል ጻፉ። በአፍ ብቻ ነግራችሁ ከሄዳችሁ፣ ክስ ሲመጣ ማስረጃ የላችሁም።