ለዱር ንቦች መራቢያ ማዘጋጀት

ዱባው በደንብ አብቦ ፍሬው አውራ ጣት ሳያክል ቢጫ ሆኖ ከረገፈ፣ ወይም ኪያሩ አንድ ጫፉ ወፍሮ ሌላው ከቀጠነ፣ ማዳበሪያ ከመጨመርዎ በፊት አበባውን ማን እንደሚጎበኘው ማለዳ ላይ ይመልከቱ። የዱባ አበባ ክፍት የሚሆነው ለጥቂት ሰዓታት ነው። በዚያች ጊዜ ከወንዱ አበባ ብናኝ ወስደው ለሴቷ የሚያደርሱ ነፍሳት ካልመጡ ፍሬ አይያዝም።

ለዚህ ሥራ የማር ንብ ብቻዋን አትበቃም። በዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች ሲኖሩ አብዛኞቹ ቀፎ የላቸውም፤ እያንዳንዷ ሴት ለብቻዋ ጎጆ ትሠራለች። ቲማቲምን ይውሰዱ፦ ብናኙ የሚወጣው በጠባብ ቀዳዳ ስለሆነ አበባውን ጨብጠው ሰውነታቸውን በማንዘፍዘፍ የሚያራግፉት አንዳንድ የዱር ንቦች ናቸው፤ የማር ንብ ይህን አታደርግም። እነሱ ከጠፉ በዚህ ሥራ የማር ንብ አትተካቸውም።

አብዛኞቹ የሚራቡት አፈር ውስጥ ስለሆነ ከመሬት ይጀምሩ። ፀሐይ የሚያገኝና ውሃ የማይቋጥር፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ቦታ ይምረጡ። አረሙን በእጅ ይንቀሉ፤ ከዚያ በኋላ አይቆፍሩት፣ በገለባም አይሸፍኑት። ንቦቹ ከላይ ባይታዩም እጮቹ ለወራት ከሥር ይቆያሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ባዶ መስሎት ይቆፍረዋል።

እንጨት ውስጥ ለሚራቡት ደግሞ ኬሚካል ያልነካው ደረቅ ግንድ ያዘጋጁ። ከጎኑ (ከተቆረጠው ጫፍ በኩል ከሆነ ይሰነጠቃል) ከ3 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሚሰፉ ቀዳዳዎችን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይብሱ፤ ወደ ኋላ ግን አያሳልፉት። ስንጣሪ ክንፍ ስለሚቀድ አፉን በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። ጥልቀቱ ላይ አይቆጥቡ፦ እናቲቱ ሴት የሚሆኑትን እንቁላሎች ከውስጥ፣ ወንዶቹን በአፉ በኩል ስለምትጥል፣ ቀዳዳው ካጠረ ወንድ ይበዛል። ግንዱን ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ የማለዳ ፀሐይ በሚመታው በኩል፣ እንዳይወዛወዝ አጥብቀው ይሰሩት። በሸምበቆ ከሠሩ፣ ጥገኛ ተባይ ስለሚከማችበት በየሁለት ዓመቱ ንቦቹ ከወጡ በኋላ ይቀይሩት። ፕላስቲክ ቱቦ እርጥበት አፍኖ እጩን ያሻግታልና ይተዉት።

ትናንሾቹ ንቦች ከጎጆአቸው ከጥቂት መቶ ሜትር በላይ ብዙም አይርቁም። ስለዚህ በየተራ የሚያብቡ ተክሎች በአቅራቢያው ይኑሩ። ያበበ ተክል ላይ ፀረ ተባይ አይርጩ፤ አንዳንዱ መድኃኒት በምሽት ቢረጭም በማግስቱ አበባው ላይ የሚያርፈውን ይገድላል።