ከሐረር የመጣ ሻንጣ እንዴት ይራገፋል

ሻንጣውን በመጣችሁበት ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ ክፈቱት። እኔ አራት ኪሎ የምኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ አልጋ ስር የተገፋ ነገር እዚያው ይከርማል። ከሐረር ስመለስ ያለፈው ዓመት የጎንደር ፌስታል ገና አልተፈታም ነበር።

መሬት ላይ አሮጌ ነጠላ አንጥፉና ሁሉንም ዘርግፉ። ዕቃ ባነሳችሁ ቁጥር «ያምራል ወይ?» አትበሉ፤ ሲገዛማ ሁሉም ያምር ነበር። «ይህ የማን ነው?» በሉ።

መጀመሪያ የሚወጣው ዕዳ ነው። መኪና ግርግር፣ የስፌት መኪናዎች ድምፅ ስም ያወጣለት፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር በጁገል ያለ መንገድ ላይ፣ ቀሚስ የሰፉልኝን ሽማግሌ ፎቶ አንስቼ «እልክልዎታለሁ» ብያቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ቃል ሻይ እንኳን ሳትጠጡ ፈጽሙት፤ ሳምንት ካለፈ ማፈር ይጀምራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ አይልክም።

ቀጥሎ ፎቶ። 612 አንስቻለሁ። ከአምስቱ ጥንታዊ የጁገል በሮች አንዱን፣ የሸዋ በርን ብቻ፣ 41 ጊዜ! እሱን ከእኔ አሳምረው ያነሱ ሞልተዋል፤ አንድ አስቀርቼ ሌላውን አጠፋሁ። የማውቀው ሰው ፊት ያለበትን ግን ደብዛዛም ቢሆን አልነካሁም። ስም ቶሎ ይጠፋልና ማን፣ የት እንደሆነ ወዲያው ጻፉበት።

ደረሰኝ የሚያጠራቅም ሰው የጎንደሩን ፌስታል ቢያይ ደስ ባለኝ። በሙቀት የሚታተም ወረቀት ስለሆነ ጽሑፉ እየደበዘዘ ሄዶ የቀረኝ ባዶ ነጭ ብጣሽ ነው። የሚያስፈልጋችሁን ቁጥር ደብተር ላይ ገልብጡና ጣሉት።

ቡና ላይ አትሳሱ። ጥሬው ይቆያል፣ የተቆላው ግን መዓዛው ይሸሻል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታደለው የተቆላው ነው። ጎረቤቴ ደረጃው ላይ ቆመው «አንቺ ልጅ፣ ምን ይዘሽልን መጣሽ?» ሲሉኝ ለበዓል ልሰጣቸው ያሰብኩትን ያኔውኑ ሰጠኋቸው። ከገዛኋቸው ሦስት የሐረር ስፌቶችም ሁለቱ በዚያው ሳምንት ወጡ። የቀረውን ፀሐይ ቀለሙን እንዳይበላው ከመስኮቱ ራቅ አድርጌ ሰቀልኩት።

ከሁሉ ያስቸገረኝ በዓይን የማይታየው ነው። ያረፍኩበት ቤት ሁለት ቀን ውሃ አልነበረውም፤ ይህን ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። በመጨረሻ ታናሽ እህቴ ሲኒዋን አስቀምጣ «ለመሆኑ ውሃ ከመጥፋቱ በቀር ሐረር ምን አለ?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ ይዤ የመጣሁት አንድ ደረቅ ቧንቧ ሆኖ ነበር። አሁን ያን ወሬ የምነግረው ወደዚያ ለሚሄድና ማረፊያ ለሚጠይቀኝ ሰው ብቻ ነው።

ቀሚሱን የማደርገው ስላጣሁ ለእህቴ በለየሁት ክምር ላይ ጣል አደረግኩት። ማታ የሽማግሌው መልስ መጣ፦ «ደርሶኛል ልጄ። ቀሚሱስ ልክ ሆነልሽ?»

ከክምሩ አውጥቼ ለበስኩት። ሁለት ጣት ያህል ረዝሟል። መርፌና ክር ፍለጋ መሳቢያ ከፈትኩ።