የፈረንሳይ ነጭ ወይን በሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላ፤ ከመምረጥ እስከ መቅዳት

ጥሩ የፈረንሳይ ነጭ ወይን ጠጅ በስጦታ መጣም ተገዛም፣ ደብረ ብርሃን ከደረሰ በኋላ ጣዕሙን የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ የሙቀት አያያዝ ነው። አንዱ ከፍሪዘር አውጥቶ ጥርስ እስኪያደነዝዝ ቀዝቅዞ ያቀርበዋል፤ ሌላው ከምድጃው አጠገብ ካለ መደርደሪያ አንሥቶ ለብ እንዳለ ይቀዳዋል። ደጋው ግን ለዚህ መጠጥ የተመቸ አገር ነው፤ ማወቅ የሚያስፈልገው ቅዝቃዜውን መጠቀም ብቻ ነው።

ሲገዙ መጀመሪያ የጠርሙሱን ጽሑፍ ያንብቡ። ከታች በደቃቅ ፊደል «ሚ ዛን ቡቴይ ኦ ዶሜን» ወይም «ኦ ሻቶ» የሚል ካለ፣ ወይኑ የተሞላው ወይኑን ባመረተው ይዞታ ውስጥ ነው። «አ ላ ፕሮፕሪዬቴ» የሚለውን ግን የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ስለሚጽፉት፣ እሱን ብቻ አይቶ የአንድ ቤተሰብ ምርት ነው ማለት አይቻልም። በቡሹ ሽፋን ላይ በርሜል የተሸከመ ሰው ሥዕል ካለ ራሱን ችሎ የሚያመርት ወይን ገበሬ ምልክት ነው። በምሥራቅ ፈረንሳይ ባለው የወይን አውራጃ በአልዛስ ውስጥ የትሪምባክ ቤተሰብ ከ1626፣ የሁገል ቤተሰብ ደግሞ ከ1639 ጀምሮ በወይን ሥራ ላይ ናቸው። የቤተሰብ መሆኑ ብቻውን ለጥራት ዋስ አይሆንም፤ ሆኖም ስማቸውን በጠርሙሱ ላይ የሚያስሩ ሰዎች ስለሆኑ ለመምረጥ ጥሩ መነሻ ነው።

ፈረንሳዮች ከአልዛስ በቀር በአብዛኛው የሚጽፉት የፍሬውን ዓይነት ሳይሆን የቦታውን ስም ነው። ሻብሊ ከሻርዶኔ፣ ሳንሴር ነጩ ከሶቪኞን ብላን፣ ቩቭሬ ከሸናን ይሠራል። ሻብሊ ከታች ወደ ላይ አራት ደረጃ አለው፤ ፕቲ ሻብሊ፣ ሻብሊ፣ ፕረሚዬ ክሩ፣ ግራን ክሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሁለተኛው ይበቃዋል። ግራን ክሩን ገና በልጅነቱ መክፈት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጠረኑ የሚከፈተው ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው።

ከሱቁ መስኮት ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ጠርሙስ አይውሰዱ፣ ብርሃን ነጭ ወይንን ቶሎ ይጎዳዋል። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው ቀለሙን ይዩ። ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነው ሻብሊ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ የሚያሳይ መሆን አለበት። ወደ ቡናማ ካዘነበለ አየር ገብቶበታል። በመጨረሻ የቡሹን አናት በአውራ ጣት ይዳስሱ። ወይኑ የተሞላው ከባሕር ወለል ጥቂት መቶ ሜትር ከፍ ባለ አገር ነው፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ባለው ደብረ ብርሃን የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ በጠርሙሱ አንገት ያለው አየር ቡሹን ወደ ላይ መግፋት ይፈልጋል። ትንሽ ማበጡ አያሳስብም። ቡሹ ጎልቶ ወጥቶ ሽፋኑ ሥር የሚያጣብቅ ፈሳሽ ካለ ግን ጠርሙሱ መንገድ ላይ ሞቆ ነበር፤ ይተዉት። ከጣርማ በር ወርደው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚጓዙ ከሆነም ጠርሙሱን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከወንበር ሥር ያኑሩት፤ በመኪና መስታወት ሥር ጥቂት ሰዓት ፀሐይ ከመታው የፍሬ ጠረኑ ይጠፋና የተቀቀለ ፍሬ ይሸታል።

ለማቆየት ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጨለማና ሙቀቱ የማይለዋወጥ ቦታ ይፈልጋል። የመንዝና የአንኮበር የድንጋይ ቤት ጓዳ፣ ወለሉ አጠገብ፣ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። የከፋው ቦታ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለው ከፍተኛ መደርደሪያ ነው፤ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ቡሹም በየቀኑ ሲገፋና ሲሳብ አየር ያስገባል። ቡሽ ያለውን አጋድመው ያስቀምጡት፣ ቡሹ ከደረቀ ይሸበሸባል።

ለመጠጣት ሳንሴርና ፕቲ ሻብሊ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ ሻብሊ ፕረሚዬ ክሩና መርሶ (የቡርጎኝ ነጭ ወይን) ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ይስማማቸዋል። ከፍሪጅ የወጣ ጠርሙስ ወደ 4 ዲግሪ ስለሚሆን ግማሽ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ይቆይ፤ ቤቱ ብርድ ከሆነ ከዚያም በላይ። ፍሪጅ ከሌለ በውርጭ ወራት ማታ በረንዳ ላይ ትተው ጠዋት ወደ ጓዳ ያስገቡት። ሸዋ ሮቢት ላይ ግማሽ በረዶ ግማሽ ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ እስከ አንገቱ ይንከሩት፤ 20 ደቂቃ ይበቃል። በረዶው ብቻውን በደንብ አያቀዘቅዝም፣ ጠርሙሱን ዙሪያውን የሚነካው ውኃው ነው። ፍሪዘር ውስጥ ረስተውት ከዋለ ግን ወይኑ ሲረጋ ቡሹን ይገፋዋል፤ ጠርሙሱም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቀዝቃዛ ቦታ የቆየ ወይን ሥሩ ላይ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ነገር ሊያሳይ ይችላል። የተሰበረ መስታወት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ወይኑ ውስጥ ያለው የታርታሪክ አሲድ ጨው በብርድ ረግቶ ነው፤ አይጎዳም። ጠርሙሱን ሳይነቀንቁ ቀድተው የመጨረሻውን ጭላጭ ማስቀረት በቂ ነው።

ሲከፍቱ ሽፋኑን ከጠርሙሱ ከንፈር በታች ቆርጠው አፉን በንጹህ ጨርቅ ይጥረጉ። የመክፈቻውን ጥምዝ ጫፍ ቡሹ መካከል ተክለው፣ አንድ ዙር ብቻ እስኪቀር ያዙሩት፤ እስከ መጨረሻው ከዞረ ቡሹን በስቶ ስብርባሪ ይጥላል። ከዚያ በዝግታ ወደ ላይ ይሳቡ። ቡሹ ከተሰበረ ቀሪውን በሰያፍ ይወጉት፤ ካልሆነም ወደ ውስጥ ገፍተው በንጹህ ሻሽ ያጥሉት።

ጥቂት ቀድተው ያሽትቱ። የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ ጥፋቱ የቡሹ ነው፤ ማናፈስ አያድነውም።

ብርጭቆው አናቱ ጠበብ ያለ ባለእግር ይሁን፤ ከመቅዳትዎ በፊት ባዶውን ያሽትቱት። ሳሙና ወይም ጠላ ቤት የታጠነ የወይራ ጢስ ከያዘ ወይኑን ይውጠዋል። እኛ ዘንድ እንግዳን ማክበር አፍ እስከ አፉ መሙላት ስለሆነ፣ ሲሦውን ብቻ መቅዳት ስስት ይመስላል። አስቀድመው ለእንግዳው ይንገሩት። ጠረኑ የሚሰበሰበው በባዶው ቦታ ነው፤ ሙሉ ብርጭቆ ደግሞ ሳይጠጣ ይሞቃል። አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በዚህ አቀዳድ ለስድስት ሰው ያህል ይደርሳል።

ከምግብ የመንዝ በግ አልጫ፣ አዋዜ ያልገባበት ጥብስና አይብ ይስማሙታል፤ ሳንሴር በአገሩም ከፍየል አይብ ጋር ይቀርባል። ዶሮ ወጥ ላይ ግን ደረቅ (ጣፋጭነት የሌለው) ሻብሊ አይመከርም፣ አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋል። ወጡ የግድ ከሆነ ጣፈጥ ያለ «ዴሚ ሴክ» ቩቭሬ ይያዙ።

የተረፈውን ወዲያው በ330 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑና ፍሪጅ ያስገቡት። አየር ስለማያገኝ ሦስት ቀን ያህል ጣዕሙን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ የተቆረጠ ፖም መሽተት ከጀመረ ለዓሣ መቀቀያ ያውሉት።