ስክሪን ላይ ያማረው ፎቶ ሲታተም ለምን ይበላሻል?

ስክሪን ላይ ስታዩት ፊቱ ፈክቷል፣ የፀጉሩ ዘለላ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ታትሞ ሲወጣ ግን ፀጉሩ ጥቁር ጥላ ሆኖ ቁጭ! ይሄኔ ብዙ ሰው ፎቶውን ማስተካከል ይጀምራል። ቆይ፣ ፎቶውን አትንኩት።

ህትመቱ ከጨለመ

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የስክሪኑ ነው። ስክሪን ራሱ ያበራል፤ ወረቀት ግን የክፍሉን ብርሃን ነው የሚመልሰው። ብዙ ስክሪኖች ደግሞ ሲገዙ ከልክ በላይ ደምቀው ነው የሚመጡት። ለህትመት ሥራ ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር (የስክሪን ድምቀት የሚለካበት ነው) ይበቃል።

መለኪያ መሣሪያ ከሌላችሁ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱና ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ያዙ። ክፍሉ ጥሩ ብርሃን ይኑረው። ስክሪኑ እንደ አምፖል ካበራ፣ ሁለቱ ነጮች እስኪቀራረቡ ብራይትነሱን ቀንሱ። ለማታ ተብሎ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውንም ሴቲንግ አጥፉ። አሁን ያንኑ ፎቶ መልሳችሁ ክፈቱት። ፀጉሩ እዚህም ጨልሟል አይደል? ማስተካከል የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

የቤት ፕሪንተር ፊቱን ወደ ሐምራዊ ከወሰደው

ቀለሙ ሁለቴ ተቀይሮ ይሆናል። እንደ ፎቶሾፕ ያለው ፕሮግራም በፕሮፋይል፣ ማለትም ቀለሙ እንዴት መነበብ እንዳለበት በሚናገር መረጃ፣ ያስተካክለዋል፤ የፕሪንተሩ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያዝበት ሶፍትዌር) ደግሞ በላዩ ላይ ይደግመዋል። ሥራውን ለአንዱ ብቻ ስጡ። ፕሮግራሙን ከመረጣችሁ የድራይቨሩን የቀለም ማስተካከያ ዝጉ። የወረቀቱንም ዓይነት በትክክል ምረጡ፤ ለተራ ወረቀት የሚረጨው ቀለም ለአንጸባራቂው አይሆንም። መስመር መስመር ካለው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ኖዝል ቼክ (የቀለም መርጫ ቀዳዳዎቹ መደፈናቸውን የሚያሳይ የሙከራ ህትመት) አድርጉና የፕሪንተሩን የቀለም መርጫ አጽዱ።

ከፎቶ ቤት ደብዝዞ ከመጣ

አዶቤ አርጂቢና ኤስአርጂቢ የፎቶ ቀለም የሚጻፍባቸው ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ፋይሉ በአዶቤ አርጂቢ ተልኮ፣ ማሽኑ ኤስአርጂቢ ነው ብሎ አንብቦት ይሆናል። ፎቶ ቤቱ ሌላ ካልጠየቀ ወደ ኤስአርጂቢ ቀይራችሁ፣ ፕሮፋይሉን አብራችሁ ሴቭ አድርጉ። መቀየር ስል የፕሮፋይሉን ስም ብቻ መለጠፍ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ቀለሙን ጭራሽ ያዛባዋል። ማሽኑ በራሱ የሚያደርገውን ማስተካከያ እንዲያጠፉላችሁም ጠይቁ። ትልቁን ከማሳተማችሁ በፊት ደግሞ አንድ ትንሽ አሳትሙና በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ እዩት።

አንዳንድ ቀለም ግን ምንም ብታደርጉ ወረቀት ላይ አይመጣም። ስክሪን ላይ የሚያበራው ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ ከብዙ ፕሪንተሮች አቅም በላይ ነው። በፕሮግራማችሁ ሶፍት ፕሩፍ (ህትመቱ ምን እንደሚመስል ስክሪን ላይ የሚያሳየውን) ካበራችሁ፣ የትኛው ቀለም እንደሚጠፋ ሳታትሙ ታዩታላችሁ።