ፊውዝ የሚበላው የአባቴ አምፕሊፋየር

የአባቴ አሮጌ አምፕሊፋየር በተከፈተ ቁጥር ፊውዝ ይበላል። የ3 አምፔሩን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፣ ሦስቱም ሄዱ። አንድ ወዳጄ «የ10 አምፔር ክተትበትና ተገላገል» አለኝ። እንደዛ ቢደረግማ ከፊውዙ ፋንታ ትራንስፎርመሩ ነው የሚቃጠለው።

ያዋጣኝ የ100 ዋት የድሮ አምፖል ነው። (ኤልኢዲ አይሆንም፤ ክሩ የሚግለው ዓይነት ነው የሚፈለገው።) መብራቱ በአምፖሉ አልፎ ወደ አምፕሊፋየሩ እንዲገባ አድርጌ ቀጠልኩት። ስከፍተው አምፖሉ ቦግ ብሎ በራ፣ አልደበዘዘም። ሾርት አለ ማለት ነው። ፊውዙ ግን ተረፈ፤ ከልክ ያለፈውን መብራት አምፖሉ ገደበው።

ከሶኬት ነቅዬ ትልልቆቹን ካፓሲተሮች በሬዚስተር አራገፍኩ። ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይዘው ስለሚቆዩ እጅ ዝም ብሎ አይሰደድም። ከዚያ በቴስተር ፍለጋ። ዳዮዶቹ ደህና። የግራው ቻናል ትራንዚስተሮች ደህና። ቀኙ ላይ ከኮሌክተር ወደ ኤሚተር (ከትራንዚስተሩ አንድ እግር ወደ ሌላው) ስለካ ቴስተሩ ጢጥ አለ፤ ዜሮ ኦም! ሁለቱም ሞተዋል። አጠገባቸው ያለው የ0.22 ኦም ሬዚስተርም ከስሏል።

ሁሉንም ቀየርኩ፤ ከትራንዚስተሮቹ ሥር ያለውን ማይካ (መብራት የማያሳልፈውን ስስ ንጣፍ) እና ሙቀት የሚያስተላልፈውን ነጩን ቅባትም አደስኩ። ጥፋተኛዋ ከኋላ ተገኘች፦ ከስፒከሩ ሽቦ ያፈነገጠች አንዲት ቀጭን ክር ጎረቤቷን ነክታለች። ቆረጥኳት።

አሁን አምፖሉ ለአፍታ ቦግ ይልና ይደበዝዛል። አምፖሉን አውጥቼ ቀጥታ ሰካሁት፣ ሠራ። የድምፁ መቆጣጠሪያ ሲዞር ይንኮሻኮሻል፤ እሱን ሌላ ቀን።