ግሪን ካርድ ይዛችሁ ከአሜሪካ ውጭ ስትማሩ፦ ችግሩና መፍትሄው

ለዓመታት የወገኖቻችንን የኢሚግሬሽን ፎርም ስሞላና ጠበቃ ዘንድ ሳስተረጉም ቆይቻለሁ። ያንኑ ችግር ደጋግሜ ስላየሁት ነው ይህን የምጽፈው። ዲቪ የደረሰው ወይ በቤተሰብ የመጣ ልጅ ግሪን ካርዱን ይይዛል፤ ከዚያ የጀመረውን ዲግሪ ለመጨረስ ወይ ሕክምና ለመማር ተመልሶ ይወጣል። ትምህርቱ 4 እና 5 ዓመት ይፈጃል። አንድ ቀን ኤርፖርት ላይ "እስቲ ወደዚህ ና" ይባላል።

ካርዳችሁ ጊዜው እንዳላለፈ፣ ፓስፖርታችሁ እንደታደሰ፣ ስማችሁም ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት እንደሆነ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ችግር፦ "በየ6 ወሩ እየገባሁ ነው፤ ታዲያ ለምን ያዙኝ?"

ከሁሉም አብልጬ የማየው ይህን ነው። በመካከላችን የሚዞር ወሬ አለ፤ 6 ወር ሳይሞላ አሜሪካን ረግጦ የተመለሰ ሰው ካርዱ አይቃጠልበትም ይባላል። እባካችሁ ይህን ወሬ ተዉት። እንዲህ የሚል ሕግ የለም።

ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው። ከ180 ቀን በላይ በተከታታይ ውጭ ከቆያችሁ፣ ስትመለሱ እንደ አዲስ መግቢያ ጠያቂ ልትታዩ ትችላላችሁ። ከዚያ በታች ከሆነ እንደ ነዋሪ ትገባላችሁ። ግን ኑሯችሁን ትታችሁ ሄዳችኋል ተብሎ ከታመነ የቀኑ ማነስ ብቻውን አያድናችሁም። የሚመዘነው ጠቅላላ ኑሯችሁ ነው። ቤታችሁ የት ነው? ቤተሰባችሁ፣ ሥራችሁ፣ ታክሳችሁስ? የወጣችሁት ለምንድን ነው? ትምህርቱ መቼ ያልቃል? ጉዞው ጊዜያዊ የሚሆነው ማብቂያው ሲታወቅ ነው። ተማሪ ደግሞ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ የምረቃ ቀን አለው። ያንን ቀን በወረቀት ይዞ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው።

5 ወር ተኩል ውጭ፣ 2 ሳምንት አሜሪካ፣ ደግሞ 5 ወር ተኩል ውጭ፤ የኤርፖርቱ ኢሚግሬሽን ኦፊሰር ይህን ሲያይ የሚገባው "ይሄ ሰው የሚኖረው እዚያ ነው፣ እዚህ የሚመጣው ዘመድ ሊጠይቅ ነው" የሚል ነው።

አንዲት ሕክምና የምትማር ልጅ ትዝ ትለኛለች። በየሴሚስተሩ እረፍት አክስቷ ዘንድ ትመጣለች፣ አንድም ጊዜ 6 ወር አልፏት አያውቅም። በስድስተኛው ምልልሷ ኦፊሰሩ ፓስፖርቷን ገለጠና ማኅተሞቹን በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካ መቁጠር ጀመረ። "የት ነው የምትኖሪው?" አላት። ከረጅም በረራ ወርዳ ደክሟታል፤ በቅንነት የምትማርበትን ከተማ ስም ጠራችለት። ቲኬቷን ጠየቃት። ደርሶ መልስ ነው፣ ግን መነሻውም መመለሻውም ውጭ ነው፤ በ12 ቀን ውስጥ ትመለሳለች። ሻንጣዋ ውስጥ ያለው ሁለት ቅያሪ ልብስና ለዘመድ የተላከ ዕቃ ነው። የአሜሪካ ባንክ ሂሳቧ ከዓመት በላይ አልተንቀሳቀሰም። ስቴት አይዲዋ (የስቴት መታወቂያዋ) ጊዜው አልፏል። በስሟ የሚመጣ አንድ ቢል እንኳ የለም። ከሰዓታት በኋላ አስገቧት፤ ግን "በሚቀጥለው እንዲህ ብትመጪ ዳኛ ፊት ትቀርቢያለሽ" ብለዋታል። እንባዋ እየወረደ ነው የደወለችልኝ።

ይህች ልጅ ምንም አልዋሸችም። ያጠፋችው ነገር ቢኖር ሰው የነገራትን ማመኗ ነው።

መፍትሄ፦ ሪኢንትሪ ፐርሚትና ፎልደር

ትምህርቱ ከአንድ ሴሚስተር በላይ የሚቆይ ከሆነ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ሪኢንትሪ ፐርሚት፣ ማለትም ወደ አሜሪካ የመመለሻ ፈቃድ፣ አመልክቱ። ፎርሙ አይ-131 ይባላል። ስታስገቡት በአካል አሜሪካ ውስጥ መሆን አለባችሁ። ውጭ ሆኖ ዘመድ አስሞልቶ መላክ አይቻልም፤ ይህን ሞክረው ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች አውቃለሁ።

ፐርሚቱ ቢበዛ ለ2 ዓመት ይሰጣል። የሚቆጠረው ከታተመበት ቀን ጀምሮ ነው፣ እናንተ ከወጣችሁበት ቀን አይደለም። አይራዘምም፤ ሲያልቅ ተመልሳችሁ አዲስ ታመለክታላችሁ። ነዋሪ ከሆናችሁ ወዲህ፣ ካለፉት 5 ዓመታት ከ4 በላይ ውጭ ያሳለፋችሁ ከሆነ ግን የሚሰጣችሁ ለ1 ዓመት ብቻ ነው። ሕክምና የምትማሩ ይህን ከወዲሁ አስቡበት። ጥቅሙ፣ ፐርሚቱ እያለ "ብዙ ስለቆየህ ብቻ ነዋሪነትህን ትተሃል" ሊሏችሁ አይችሉም። ሌላ ምክንያት ግን ማንሳት ይችላሉ። ለዚህ ነው ማስረጃችሁ የሚሰበሰብበት ፎልደር የሚያስፈልገው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ፤ አሻራው ነው። ፎርሙ ከገባ በኋላ የአሻራ ቀጠሮ በፖስታ ይመጣል። አሻራው የሚሰጠው አሜሪካ ውስጥ ነው። አንድ ወንድማችን ፎርሙን ባስገባ በሦስተኛው ቀን በረረ። የቀጠሮው ደብዳቤ የአጎቱ ልጅ ቤት ደረሰ። እሱም የማስታወቂያ ወረቀት መስሎት ሳይከፍተው ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈው። ፖስታው የተከፈተው ቀጠሮው ካለፈ ከ5 ሳምንት በኋላ ነው። ማመልከቻው ተዘጋ፣ ገንዘቡም አልተመለሰም፤ ልጁ ደግሞ ፐርሚት ያለው መስሎት 13 ወር ቆየ።

ስለዚህ ቢያንስ ከ2 ወር በፊት አስገቡ። አሻራ ሳትሰጡ አትውጡ። አሻራ ከሰጣችሁ በኋላ ፐርሚቱ እስኪታተም መጠበቅ ግዴታ አይደለም፤ ሊዘገይ ይችላል፣ ግን ውጭ ሆናችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ። ፎርሙ ላይ ኤምባሲ መርጣችሁ እዚያ ልትወስዱትም ትችላላችሁ። ክፍያው ስለሚቀያየር በምታስገቡበት ቀን ከመንግሥት ድረ ገጽ ላይ እዩት፤ ጓደኛ የነገራችሁን የአምናውን ዋጋ ከላካችሁ ፎርሙ እንዳለ ይመለሳል።

ፎልደሩ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው። መቼ እንደጀመራችሁና መቼ እንደምትመረቁ የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ፣ በማኅተም። የየዓመቱ ታክስ። የሚንቀሳቀስ የአሜሪካ ባንክ ሂሳብ፤ በወር አንድ ጊዜ የስልክ ቢል እንኳ ይከፈልበት። ጊዜው ያላለፈ መንጃ ፈቃድ ወይም ስቴት አይዲ። ስማችሁ ያለበት ሊዝ (የቤት ኪራይ ውል)፤ ቤቱ የዘመድ ከሆነ እዚያ እንደምትኖሩ የሚገልጽ ደብዳቤና በስማችሁ የሚመጣ ቢል። ክረምት ላይ ከሠራችሁ የደመወዝ ወረቀት። ዕረፍቱን አሜሪካ ሠርቶ ያሳለፈ ተማሪና ለ12 ቀን ብቅ ያለ ተማሪ እኩል አይታዩም።

ቲኬቱንም አትርሱ። ደርሶ መልሱን መነሻው አሜሪካ እንዲሆን አድርጋችሁ ግዙ። ውጭ ቢረክስም ልዩነቱን ክፈሉ። "የት ነው የምትኖረው?" ሲሏችሁ መልሱ እውነተኛው የአሜሪካ አድራሻችሁ ነው፣ ቀጥሎም "ለጊዜው እዚያ እማራለሁ፣ በዚህ ወር እጨርሳለሁ" ነው። አትዋሹ። ግን የምትማሩበትን ቦታ ከምትኖሩበት አትቀላቅሉ።

ችግር፦ ኤርፖርት ላይ "ፈርም" ተባልኩ

ወረቀቱ አይ-407 ይባላል። ነዋሪነቴን በፈቃዴ ትቻለሁ የሚል ነው። አትፈርሙ።

አንድ ልጅ ሌሊት ደርሶ፣ ቋንቋው ሳያስተማምነው፣ "ከፈረምክ ቶሎ ትወጣለህ፣ በኋላ የጉብኝት ቪዛ ታገኛለህ" ተብሎ ፈርሞ በመጣበት አውሮፕላን ተመለሰ። የ2 ዓመት ፐርሚት ኪሱ ውስጥ ነበር! ጊዜው ያላለፈ! ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አላሳየም። ያንን ወረቀት ባየሁ ቁጥር አሁንም ያንገበግበኛል።

መብታችሁ ይህ ነው። ነዋሪነታችሁን ሊወስድ የሚችለው የኢሚግሬሽን ዳኛ ነው፣ ኦፊሰሩ አይደለም። "አልፈርምም፣ ዳኛ ፊት መቅረብ እፈልጋለሁ" በሉ። አስተርጓሚ ጠይቁ። ካርዱን ሊይዙት ይችላሉ፤ ከያዙት ነዋሪነታችሁን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ጠይቁ። የፍርድ ቤት መጥሪያ ሊሰጧችሁ፣ አንዳንዴም ሊያቆዩዋችሁ ይችላሉ። ይህን ስለምታውቁ አትደንግጡ። ዳኛ ፊት፣ ነዋሪነታችሁን እንደተዋችሁ በጠንካራና ግልጽ ማስረጃ ማሳየት ያለበት መንግሥት ነው። ፎልደሩ የሚያድናችሁ እዚያ ነው። የጠበቃ ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፣ ሞባይላችሁን ሊወስዱት ይችላሉና።

ችግር፦ ከ1 ዓመት በላይ ቆየሁ፣ ፐርሚት የለኝም

1 ዓመት ከሞላ በኋላ ካርዱ ብቻውን ለመግቢያ አያገለግልም። መንገዱ ኤስቢ-1 የሚባል የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ነው፣ በዲኤስ-117 ፎርም ኤምባሲ ይጠየቃል። የሚሰጠው ግን ለመመለስ አስባችሁ እንደወጣችሁና ከአቅም በላይ የሆነ ነገር እንደያዛችሁ ስታሳዩ ነው። "ትምህርት አላለቀልኝም ነበር" ማለት ከአቅም በላይ አይደለም፤ በፈቃድ የተመረጠ ነውና። ከባድ ሕመም፣ የተዘጋ መንገድ ከሆነ የሆስፒታሉን ወረቀት ሰብስቡ። ኦፊሰሩ አይ-193 በሚባል ፎርም ኤርፖርት ላይ የጎደላችሁን የመግቢያ ሰነድ ሊያልፍላችሁ የሚችልበት ሁኔታም አለ፣ ግን በዚያ ተማምናችሁ አትሳፈሩ። መጀመሪያ ጠበቃ አናግሩ።

ችግር፦ ታክስ

ግሪን ካርድ ያለው ሰው የትም ቢኖር ለታክስ የአሜሪካ ነዋሪ ነው፣ ውጭ የሚያገኘውም ገቢ ይቆጠራል። የሚሞላው 1040 የሚባለው የታክስ ፎርም ነው። አንዳንድ ታክስ ሠሪዎች "ውጭ ስለሆንክ ይቀንስልሃል" ብለው ነዋሪ ላልሆነ ሰው የተዘጋጀውን 1040-ኤንአር ይሞላሉ። ይህ በገዛ እጃችሁ "ነዋሪ አይደለሁም" ብላችሁ እንደ መፈረም ነው። እንዲህ የሚሠራ ሰው ሥራውን አያውቅም፣ ከእሱ ሽሹ። ውጭ ያላችሁ የባንክ ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለብቻው ሪፖርት ይደረጋል።

ችግር፦ ካርዴ ተረፈልኝ፣ ዜግነት ግን ተከለከልኩ

ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፐርሚት ካርዱን ይጠብቃል፣ የዜግነት ቆጠራውን፣ ማለትም ለዜግነት የሚቆጠረውን የ5 ዓመት ተከታታይ ኑሮ፣ ግን አይጠብቅም። ከ6 ወር በላይ ከ1 ዓመት በታች ከወጣችሁ ቆጠራው እንደተቋረጠ ይገመታል፣ በማስረጃ ማስተባበል ትችላላችሁ። 1 ዓመት ከሞላ ግን ተቋርጧል።

አንድ ልጅ ፐርሚት ይዞ ከ1 ዓመት በላይ ቆይቶ በሴፕቴምበር 2022 ተመለሰና በ2024 አመለከተ። ካርዱን ካገኘ ከ5 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ግን ተከለከለ። ከተመለሰበት ቀን 4 ዓመት ከ1 ቀን መጠበቅ ነበረበት፣ ማለትም እስከ ሴፕቴምበር 2026። ያኔም መቋረጡ ስለሚገመት ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ያንን ካልፈለገ 4 ዓመት ከ6 ወር ይጠብቅ። በዚህ ላይ ካለፉት 5 ዓመታት 30 ወር በአካል አሜሪካ ውስጥ መገኘት አለ። ኤን-470 የሚባለው ፎርም ለተማሪ አይሆንም፤ ለተወሰኑ የሥራ ዓይነቶች ነው። የወጣችሁበትንና የገባችሁበትን ቀን ከአሁኑ ደብተር ላይ ጻፉ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ካርዱ ውጭ ከጠፋ ወይ ከተሰረቀ፣ ከወጣችሁ 1 ዓመት ካልሞላ (ፐርሚት ካላችሁ 2 ዓመት) ኤምባሲ በአይ-131ኤ የመሳፈሪያ ሰነድ ይሰጣል። የፖሊስ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱ።

በዲቪ ገብታችሁ ካርዱ በፖስታ ሳይደርስ ከተመለሳችሁ፣ ስትገቡ ማኅተም የተመታበት ቪዛ ለ1 ዓመት እንደ ካርድ ያገለግላል። ካርዱን በመንገደኛ እጅ አታስልኩ። ስንቱ በሻንጣ መሃል ጠፍቷል!

በጋብቻ የመጣ የ2 ዓመት ካርድ ካላችሁ፣ ትምህርት ላይ ብትሆኑም አይ-751ን ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ባለው ጊዜ ውስጥ አስገቡ። ፐርሚቱም ከካርዱ ማብቂያ ቀን አያልፍም።

አሜሪካ ያለው አድራሻችሁ ከተቀየረ በ10 ቀን ውስጥ በኤአር-11 አሳውቁ፤ አለበለዚያ የአሻራው ደብዳቤ የማታውቁት ሰው ቤት ይደርሳል።

ለጊዜው ውጭ ሳለች የወለደች ነዋሪ እናት፣ ልጁ 2 ዓመት ሳይሞላው ከወለደች በኋላ በመጀመሪያ መመለሷ ይዛው ከመጣች ለልጁ ቪዛ አያስፈልገውም። የልጁን ፓስፖርትና እናትነቷን የሚያሳይ የልደት ሰርተፍኬት ከነትርጉሙ ትያዝ። ልጁን አያቱ ዘንድ ትታ አንዴ ብቻዋን ከተመለሰች ግን ይህ ዕድል ያመልጣታል።