የቅነሳ ደብዳቤ ለደረሰው የፖስታ ቤት ሠራተኛ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ምን ይደረግ?

ደብዳቤ የሚልከው ሰው ሲያንስ የፖስታ ድርጅት ወጪ አብሮ አያንስም። አንድ ፖስታ ለማድረስም ሆነ ሺህ ለማድረስ መኪናው ያው ነው፣ መስኮቱ ላይ የሚቀመጠውም ሰው ያው ነው። ለዚህ ነው በየአገሩ ገቢው ሲወርድ መጀመሪያ የሠራተኛ ቁጥር የሚነካው። የዴንማርክ ፖስታ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ደብዳቤ ማደል ሲያቆም 1,500 የሥራ መደቦችን ሰርዟል። የደቡብ አፍሪካው ደግሞ ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆኖ ከ4,000 በላይ ሠራተኛ ቀንሷል። ሥራው ከደብዳቤ ወደ ዕቃና ወደ ፈጣን መልእክት በሚዞርበት በዚህ ዘመን፣ የእኛም ከተማ ሠራተኛ መብቱን ደብዳቤው ሳይደርሰው በፊት ቢያውቅ ይሻላል። የሚሠራው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

ምክንያቱን ያንብቡ

ደብዳቤው እንደደረሰዎ ከገንዘቡ በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ። ማሰናበቻው በጽሑፍ መሆንና ምክንያቱንም ውሉ የሚቋረጥበትንም ቀን መያዝ አለበት። አልቀበልም ማለት አይጠቅምም፤ አሠሪው በማስታወቂያ ሰሌዳ ለ10 ተከታታይ ቀናት ለጥፎ እንደሰጠ ሊያስቆጥረው ይችላል። ይልቅ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ይፈርሙና ቅጂውን ይያዙ።

ምክንያቱ «የሠራተኛ ቅነሳ» ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ «የሥራ መደብዎ ተሰርዟል» ከሆነ ሌላ ነው። በሕጉ ቅነሳ የሚባለው ከድርጅቱ ሠራተኞች ቢያንስ 10 በመቶው፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው፣ ከ10 ቀን በማያንስ ተከታታይ ጊዜ ውስጥ ሲነካ ነው። ቁጥሩ የሚሰላው ባለፉት 12 ወራት አማካይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የደሴው ቅርንጫፍ ግማሹ ቢሰናበትም፣ ከመላው ድርጅት አንጻር ሲታይ 10 በመቶ ላይሞላ ይችላል። ቅነሳ ከሆነ ድርጅቱ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተመካክሮ የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያላቸውን ማስቀረት አለበት። በዚህ እኩል ከሆኑ በአገልግሎት አጭሩ ቀድሞ ይነካል፣ ቀጥሎም የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ያነሰው። አካል ጉዳተኞች፣ በሥራ ላይ የተጎዱ፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች መጨረሻ ላይ ናቸው።

መደብ ተሰረዘ ከተባለ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ወደ ሌላ ሥራ መዛወር አይቻልም ነበር ወይ? የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ክፍት መደብ እያለ የደሴን ሠራተኛ ማሰናበት በቀላሉ የሚያልፍ ነገር አይደለም። የዝውውር ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ፣ መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉት፣ ቁጥሩን ይያዙ።

«በፈቃድህ ልቀቅ» ሲባል

አንዳንድ ኃላፊ «ስንብት ከፋይልህ ላይ እንዳይቀመጥ ራስህ ልቀቅ» ብሎ ይመክራል። ቅን ምክር ሊሆን ይችላል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው የስንብት ክፍያ የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለና የሥልጠና ግዴታ ከሌለበት ነው። በቅነሳ የሚጨመረውን የ60 ቀን ደመወዝም ያጣል። እባክዎ የመልቀቂያ ማመልከቻ ላይ ሂሳቡን ሳይሠሩ አይፈርሙ።

ሂሳቡ

የመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል፤ ጎደሎ ዓመት በመጠኑ ይታሰባል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም፤ ጣሪያው የሚነካው በ34 ዓመት ነው። ቅነሳ ከሆነ የቀኑ ደመወዝ በ60 ተባዝቶ ይጨመራል።

በወር 9,000 ብር የሚያገኝ፣ 12 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ እንውሰድ። የቀኑ 300 ብር ነው። የመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ የቀሩት 11 ዓመታት በ3,000 ሲባዙ 33,000፣ ድምሩ 42,000። ቅነሳ ነው ከተባለ 18,000 ተጨምሮ 60,000 ብር። በደብዳቤው ላይ ያለችው አንዲት ቃል 18,000 ብር ታወጣለች ማለት ነው።

የማስጠንቀቂያው ጊዜ በቅነሳ 2 ወር ነው። በሌላ ምክንያት ከሆነ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከዚያ በላይ እስከ 9 ዓመት 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ 3 ወር። «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ከተባሉ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ደመወዝ ይከፈልዎታል። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል፤ ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ሁሉም ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ያላግባብ ካዘገዩት ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊያስጨምር ይችላል።

ርክክብ

መስኮት ላይ የሠራ ሰው ቴምብር፣ ጥሬ ገንዘብ፣ የቀን ማኅተም፣ ባለአደራ (በቁጥር የተመዘገቡ) ደብዳቤዎችና ያልተወሰዱ ዕቃዎች በእጁ ይኖሩታል። ክፍያ የሚታገደው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ቆጠራው ተረካቢውና ምስክር ባሉበት ይሁን፤ ቴምብሩ በየዋጋው፣ ባለአደራው በየቁጥሩ ተዘርዝሮ ይፈረም። ቁልፍ አስረክቦ «ነገ እንቆጥራለን» ማለት በኋላ ጉድለት ሲገኝ ተከራክሮ ለማሸነፍ የማይመች ቦታ ላይ ያስቀምጣል። ሲቀጠሩ ዋስ አቅርበው ከሆነ ዋስዎ ነፃ መውጣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከክሊራንሱ ጋር ይጠይቁ።

በ2014ቱ ጦርነት በደሴም በኮምቦልቻም ሰነድ የጠፋባቸው ቢሮዎች አሉ። ፋይልዎ ከሌለ አገልግሎትዎ እንዳይጎድል የቅጥር፣ የዝውውርና የዕድገት ደብዳቤዎችን፣ የጡረታ መለያ ቁጥርዎን፣ ደመወዝ የገባበትን የባንክ መግለጫ በማኅተም ይሰብስቡ። ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ነገ በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቢቀጠሩ የግል ድርጅቱ አገልግሎት ከዛሬው ጋር ስለሚደመር መለያ ቁጥሩን አይጣሉ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ የአሠሪው ነው፤ የሥራው ዓይነት፣ ዘመኑና ደመወዙ ይጻፍበት።

ክፍያውን ሲወስዱ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» የሚል ወረቀት ካቀረቡልዎ ከፊርማዎ በላይ «ቀሪ መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ ተቀብያለሁ» ብለው ይጻፉ።

ጊዜው

ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፣ የስንብትና የሌላ ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር። የአለቃ የቃል ተስፋ ይርጋን፣ ማለትም ይህን የክስ ጊዜ ገደብ፣ አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ለፍርድ ቤት ወይም ለሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ቢሮ የቀረበ አቤቱታ ወይም አሠሪው ዕዳውን አምኖ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ስለዚህ ወደ ቢሮው ሲሄዱ በቃል አያውሩ፤ ሁለት ቅጂ ይዘው አንዱ ላይ «ገቢ» ያስመቱ። ካልተስማሙ የፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት አለ፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ማሰናበቻውን፣ የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀት፣ የርክክብ ሰነዱንና ከላይ እንዳለው የሠሩትን ሂሳብ አባሪ አድርገው ያቅርቡ።